ከውዱእ ቧንቧ እስከ ካፌ ትሪ፦ ኢስራፍን በሊትርና በኪሎ እንለካው



ነገሩ ባለፈው ሴሚስተር በፋይናል ፈተና ሳምንት የሆነ ነው። ከፈጅር ሶላት ወደ ዶርም ስመለስ የክፍል ጓደኛዬን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ አገኘሁት። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኛ ጋ ውሃው ስለሄደ ምድር ቤት ካለው ቧንቧ ተሰልፎ ቀድቶ መመለሱ ነበር። ላግዘው እጄን ስዘረጋ ፈገግ አለና «እናንተ ለሶላት ስትታጠቡ እኮ ነው ሁሌ የሚያልቀው» አለኝ። ቀልዱ ነው። ይህ ልጅ ሙስሊም አይደለም፤ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር ግን በረመዳን ለሰሑር የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው። ቀልዱ ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። እውነት ቢሆንስ? ለአላህ ብዬ የማደርገው ዒባዳ የጎረቤቴን ሐቅ እየነካ ቢሆንስ?

የምህንድስና ተማሪ ጥርጣሬ ሲገባው መለካት አለበት ይባላል። ስለዚህ ባዶ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዤ ወደ መታጠቢያው ሄድኩ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሃይላንድ የተነሳ ነው። ስለ «አረንጓዴ ግቢ» ሲወራ ብዙዎቻችን የምናስበው ችግኝ ተከላን ወይም የሶላር ፓኔልን ነው። የዩኒቨርሲቲ ግቢ ግን እንደ አንድ ትንሽ ከተማ ነው፤ ውሃ ይስባል፣ ምግብ ያበስላል፣ እንጨትና መብራት ይፈጃል፣ ፍሳሽና ቆሻሻ ያወጣል። ግቢው ዘላቂ ሆነ የሚባለው ይህ የየቀኑ ሥራ ብክነቱ ሲቀንስ ነው። ከብክነቱ ውስጥ ደግሞ የእኛ የሙስሊም ተማሪዎች ድርሻ ሊለካ ይችላል።

ሃይላንዱ ምን አለ?

የዶርማችንን ቧንቧ እንደ ልማዴ ከፍቼ ሃይላንዱን ደቀንኩበት። በ20 ሰከንድ ሞላ። ሁለት ሊትር በ20 ሰከንድ ማለት በደቂቃ 6 ሊትር ማለት ነው። ቀጥሎ በስልኬ ሰዓት ይዤ ውዱእ አደረግኩ። ቧንቧውን ሳልዘጋ፣ እጅጌዬን እየሰበሰብኩና ካልሲዬን እያወለቅኩ፣ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። ለአንድ ውዱእ 12 ሊትር መሆኑ ነው።

በማግስቱ እየከፈትኩና እየዘጋሁ አደረግኩ። እጄን ሳሽ ዘጋሁ፤ ለፊቴ ከፈትኩ፤ ራሴን ሳብስ ዘጋሁ። ውሃው የፈሰሰው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር፤ 3 ሊትር ማለት ነው። ውዱኡ ያው ውዱእ ነው፤ ሦስት ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ፤ የጎደለ ሱና የለም። ያለ ምንም ጥቅም ይፈስ የነበረው 9 ሊትር ብቻ ቀረ።

አሁን ወደ ጓደኛዬ ቀልድ እንመለስ። በአንድ ብሎክ ለፈጅር ውዱእ የሚያደርጉ 100 ተማሪዎች አሉ እንበል። በእኔ የመጀመሪያ አለካክ ከሄድን ጎህ ሳይቀድ 1,200 ሊትር ይፈሳል፤ በሁለተኛው 300 ሊትር። ልዩነቱ 900 ሊትር፣ ማለትም 45 ጀሪካን ነው። 45 ተማሪዎች አንድ አንድ ጀሪካን ተሸክመው ደረጃ ከመውጣት ይድናሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው መሠረታዊ ፍላጎት በቀን 20 ሊትር ገደማ ብሎ ያስቀምጣል። እሱም ያው አንድ ጀሪካን ነው።

ሒሳቡ ሙሉ በሙሉ አልፈረደብንም። ሻወር አለ፣ ልብስ ማጠብ አለ፣ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ። በአምስት ደቂቃ አንድ ሊትር የምታፈስ ቀጭን ፍንጣቂ ብቻ በ24 ሰዓት 288 ሊትር፣ ማለትም ከ14 ጀሪካን በላይ ትወስዳለች። ነገር ግን ሒሳቡ ነፃም አላወጣንም። ከታንከሩ የሚወርደው ውሃ ሲያንስ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ምድር ቤት እየፈሰሰ የላይኛው ፎቅ ቀድሞ ይደርቃል። ታች ያለ ሰው በግዴለሽነት የከፈተው ቧንቧ ላይ ያለውን ሰው ውሃ ይወስዳል፤ ሁለቱ ግን አይተያዩም።

ዲናችን ስለ ልኬት

መድረሳ ስንቀራ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱ የጡሃራ ምዕራፍ ነው። እዚያ ያገኘሁትን ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ በሊትር አስቤው አላውቅም ነበር። ኢማም ቡኻሪና ኢማም ሙስሊም ከአነስ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉት ሐዲሥ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ ውዱእ ያደርጉ፣ ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሚሆን ውሃ ገላቸውን ይታጠቡ እንደነበር ተነግሯል። አንድ ሷዕ አራት ሙድ ነው። ሙድ መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ የሚይዘው ልክ ሲሆን፣ በዛሬ መለኪያ ብዙዎቹ ከ0.6 እስከ 0.75 ሊትር አካባቢ ያስቀምጡታል፤ በሐነፊዮች ስሌት ከዚህ ከፍ ይላል። የግማሽ ሊትር ሃይላንድን አስቡና ጥቂት ጨምሩበት። የእኔ 12 ሊትር ከዚህ ከ15 እጥፍ በላይ ነበር።

ወራጅ ወንዝ ዳር ሆኖ እንኳ በውዱእ ውሃ አለማባከንን የሚመለከተውን፣ ለሰዕድ (ረ.ዐ.) የተነገረውን ሐዲሥ ሁላችንም ሰምተነዋል። ኢብኑ ማጀህ ዘግበውታል፤ ብዙ የሐዲሥ ምሁራን ሰነዱ ደካማ ነው ብለዋል። መልእክቱ ግን በዚያ ሐዲሥ ብቻ የቆመ አይደለም። ኢማም ነወዊ በሙስሊም ሐዲሥ ማብራሪያቸው፣ ሰው ባሕር ዳር ቢሆን እንኳ ውሃ ማባከን የተነቀፈ መሆኑን ዑለማኦች እንደተስማሙበት ጽፈዋል። በአዕራፍ ምዕራፍ 31ኛ አንቀጽም አላህ (ሱ.ወ.) መብላትና መጠጣትን ሲፈቅድ ከማባከን ከልክሎናል።

ለእኛ ለተማሪዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን በሐነፊ መዝሀብ ኪታብ በዱሩል ሙኽታር የሰፈረው ነው። ኪታቡ ሰው በራሱ ውሃ የሚያደርገውን ብክነትና በወቅፍ ውሃ የሚያደርገውን ለይቶ ያያል። በወቅፍ ውሃ ማባከን ሐራም ነው ይልና፣ ከወቅፍ ውሃ መካከል የመድረሳዎችን ውሃ በስም ይጠቅሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ውሃው ለመታጠቢያ ያህል የተፈቀደ እንጂ ለማፍሰስ የተፈቀደ አይደለም፤ ባለቤቱም ብዙ ሰው ነው። የግቢያችን ውሃ ወቅፍ አይደለም። የሕዝብ ሀብት ግን ነው፤ የሁላችንም አማና ነው። ፍርዱን ለዑለማኦቻችን እተወዋለሁ። እኔ የማውቀው፣ የዚያን ዕለት ጀሪካን የተሸከመው ጓደኛዬ ያን ውሃ አፍስሱት ብሎ አለመፍቀዱን ነው።

የባከነች ሊትር ጉዞ

ውሃ በነፃ የመጣ የሚመስለን ቧንቧውን ብቻ ስለምናይ ነው። ወደ ኋላ እንከተለው። ግቢ ውስጥ የሚጠጣው ውሃ በአብዛኛው ከጥልቅ ጉድጓድ በፓምፕ ተስቦ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወዳለ ታንከር ይገባል። ከጉድጓዱ ውሃ እስከ ታንከሩ ያለው ከፍታ በድምሩ 100 ሜትር ቢሆን፣ አንድ ሜትር ኩብ ውሃ (1,000 ሊትር) ለማንሳት በፊዚክስ ስሌት ብቻ 0.27 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ፓምፕና ሞተር ተደምረው ግማሹን ያባክናሉ ብንል 0.55 ገደማ ይሆናል።

1,000 ተማሪዎች በቀን ሦስት ጊዜ በግቢው ቧንቧ ውዱእ ቢያደርጉና በእያንዳንዱ 9 ሊትር ቢያባክኑ፣ 27 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። እሱን ለመሳብ ብቻ በቀን 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሄዳል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአራት ሰዓት እንጀራ የሚጋግርበት ኃይል ነው። መብራት ጠፍቶ በጀነሬተር ሲሆን ደግሞ ናፍጣ ይቃጠላል።

ጉዞው በዚህ አያበቃም። ንጹሑ ውሃ በፍሳሽ ቱቦ ወርዶ ከሽንት ቤቱ ፍሳሽ ጋር ይቀላቀላል። ንጹሕ የነበረው 27 ሜትር ኩብ ወደ ፍሳሽነት ተለወጠ ማለት ነው። ማጠራቀሚያው ቶሎ ይሞላል፤ የፍሳሽ ማንሻ መኪና ይጠራል፤ ካልተጠራ ይገነፍላል፤ ሽታው ወደ ዶርም ይመጣል። አንዷን ሊትር ሁለት ጊዜ እንከፍልባታለን፤ አንድ ጊዜ ስትወጣ፣ አንድ ጊዜ ስትወርድ።

አያቴ የታጠበችበት ውሃ

የተወለድኩት በታች ጋይንት በአርብ ገበያ ነው። የእኛን አካባቢ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ጋይንትና ስማዳ ዝናብ ሲያጥር ቀድመው የሚጎዱ፣ ሴፍቲ ኔት ከተጀመረ ጀምሮ በፕሮግራሙ የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። አያቴ ውዱእ የምታደርገው በአንዲት የቆርቆሮ ጣሳ ነበር። ውሃው ከምንጭ በጀርባ የመጣ ነው፤ የተሸከመችውን ሰው ስለምታውቅ አታፈሰውም። የምትቀመጥበት ድንጋይ ደግሞ ከጎመን መደቡ በላይ ነበር። ፊቷንና እግሯን ያጠበችበት ውሃ ቁልቁል ወርዶ ጎመኑን ያጠጣል። ልጅ ሆኜ ድንጋዩ እዚያ የተቀመጠው በአጋጣሚ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የተሟላ ዲዛይን ነው፤ ትንሽ ውሃ መጠቀም፣ ንጹሑን ፍሳሽ ከቆሻሻው መለየት፣ በስበት ብቻ ወደ አትክልት ማድረስ።

በፊቅህ ረገድም መንገዱ ክፍት ነው። ውዱእ የተደረገበት ውሃ (ሙስተዕመል) ነጃሳ እስካልነካው ድረስ በአብዛኞቹ ዑለማኦች ዘንድ በራሱ ንጹሕ ነው። ልዩነቱ ዳግም ለውዱእ ይሆናል አይሆንም በሚለው ላይ እንጂ አትክልት በማጠጣቱ ላይ አይደለም። ከዚያም አልፎ የሳዑዲ ታላላቅ ዑለማኦች ምክር ቤት በ1398 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1978) የቆሸሸ ውሃ እንኳ በደንብ ተጣርቶ የነጃሳው ቀለም፣ ጣዕምና ሽታ ሙሉ በሙሉ ከጠፋ ንጹሕ እንደሚሆን ወስኗል።

ሌሎች ይህን ወደ ተግባር ለውጠውታል። በኦማን የሱልጣን ቃቡስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ መስጊድ የውዱእ ውሃ ማጣሪያ ሠርተው ውሃውን የመስጊዱን ግቢ አትክልት ለማጠጣት ተጠቅመውበታል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው የእንግሊዙ የካምብሪጅ ማዕከላዊ መስጊድ የዝናብ ውሃና የታጠቡበትን ውሃ ሰብስቦ ለሽንት ቤትና ለአትክልት እንዲያውል ተደርጎ ተገንብቷል።

ለእኛ አቅም የሚስማማው ምሳሌ ግን እዚሁ አገራችን ያለው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 ድረስ ሮሳ የተባለ ፕሮጀክት በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአራት የምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ማለትም በአርባ ምንጭ፣ በናኩሩ፣ በአሩሻና በኪትጉም ተካሂዶ ነበር። በእኛ በኩል የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎበታል። በአርባ ምንጭ መኖሪያ ቤቶች ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ በእቃና በልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚሠራ የአትክልት ማማ ነው። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦

መሬት ላይ አራት እንጨት በክብ ይተከላል፤ ዙሪያው በጆንያ ወይም በመረብ ጨርቅ ይታጠራል። መሐሉ ላይ ከታች እስከ ላይ የጠጠር ዓምድ ይቆማል። በጠጠሩና በጆንያው መካከል አፈር፣ ፍግና ጥቂት አመድ ተደባልቆ ይሞላል። በጆንያው ጎን በየቦታው ትንንሽ ቀዳዳ ተቀድዶ ጎመን ወይም ቆስጣ ይተከላል፤ አናቱ ላይ ሽንኩርት ወይም ቲማቲም። በየቀኑ የታጠቡበት ውሃ ጠጠሩ ላይ ይፈስሳል፤ ጠጠሩ ወደ አፈሩ ያከፋፍለዋል፤ አፈሩ ያጣራዋል፤ ሥሩ ይጠጣዋል። ጆንያ፣ እንጨትና ድንጋይ ካለ ሌላ ብዙ ወጪ የለውም። የውዱእ ውሃ ከልብስ ማጠቢያ ውሃ ይልቅ ሳሙናው አነስተኛ ስለሆነ ይበልጥ ይመቻል።

ሦስት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛ፣ ከሽንት ቤት ወይም ከኢስቲንጃእ የሚመጣ ውሃ ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ሁለተኛ፣ ውሃው ከአንድ ቀን በላይ ተጠራቅሞ ከቆየ ይሸታል፤ በዕለቱ መፍሰስ አለበት። ሦስተኛ፣ የሚበቅለው ተቀቅሎ የሚበላ አትክልት ቢሆን ይመረጣል።

እዚህ ላይ ቅን መሆን አለብኝ። አሁን ባሉት የዶርም ሕንፃዎች ይህን ማድረግ ከባድ ነው፤ የእጅ መታጠቢያውና የሽንት ቤቱ ፍሳሽ ግድግዳ ውስጥ በአንድ ቱቦ ነው የሚወርደው፤ መለየት ማለት ግድግዳ ማፍረስ ነው። የሚቻለው ከቤት ውጭ ባሉ ቧንቧዎች እና ሁላችንም በምንሰግድበት፣ ከግቢው ውጭ ባለው መስጊድ የውዱእ ቦታ ነው። ለአዲስ ሕንፃ ግን ዲዛይኑ ወረቀት ላይ ሳለ ሁለተኛ ቱቦ መጨመር ብዙ ወጪ የለውም። ሲቪልና ውሃ ምህንድስና የምትማሩ እህት ወንድሞች፣ ነገ ያን ወረቀት የምትስሉት እናንተ ናችሁ።

ሌላም ጥቅም አለ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። ሙስሊም የተከለው ተክል ወፍም ሰውም እንስሳም ከበላለት ሶደቃ እንደሚሆንለት በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ችግኙ ግን የሚሞተው ክረምት ላይ አይደለም፤ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ባለው ደረቅ ወራት ነው። በዚያ ወቅት ደግሞ ለችግኝ የሚሆን የቧንቧ ውሃ የለም። የውዱእ ውሃ ግን በቀን አምስት ጊዜ አለ።

ከቧንቧው ወደ ትሪው

ውሃን በሊትር እንደለካን ምግብን በኪሎ እንለካ። ከምሳ በኋላ ካፌው በር ላይ ያለውን የትራፊ በርሜል ቆማችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ግማሽ እንጀራ፣ ያልተነካ ዳቦ፣ ሽሮ። ከመካከላችን ብዙዎቹ «የመንግሥት ነው» ብለን እናልፈዋለን። የእኛም ነው። በወጪ መጋራት ውል ላይ ስንፈርም፣ ደንቡ ከትምህርቱ ወጪ የተወሰነውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን ተመርቀን እንድንከፍል ያስገድደናል። ስለዚህ የምንደፋው እንጀራ በስማችን የተመዘገበ ዕዳ ነው። በአኼራ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። የወደቀችን ጉርሻ አንስቶ ቆሻሻዋን አስወግዶ መብላት፣ ሳህንን ጠርጎ መጨረስ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገቡ ሱናዎች ናቸው።

ከብክነቱ አንዱ ክፍል በጥጋብ የመጣ አይደለም፤ በመረጃ እጦት የመጣ ነው። ካፌው የሚያበስለው በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር ነው። ሰኞና ሐሙስ፣ በሸዋል ስድስቱ ቀናት፣ በዐረፋና በዐሹራ ቀን ብዙዎቻችን እንጾማለን፤ ምሳችን ግን ይበስላል። ማንም ስላልነገራቸው ወጥ ቤቶቹ አያውቁም። መፍትሔው አንድ ወረቀት ነው። የጀመዓው ተጠሪ ከዋዜማው ምሽት በፊት የጿሚዎችን ቁጥር ለምግብ ቤት ኃላፊ ቢያስታውቅ፣ ለዚያ ያህል ሰው ያነሰ እንጀራ ይጋገራል፤ ከተፈቀደም በምትኩ ለኢፍጣር ይዘጋጃል። በጾም ወራት የኦርቶዶክስ ተማሪዎችም ተመሳሳይ ነገር ያጋጥማቸዋል፤ ዝርዝሩን አብረን ብናቀርበው ደግሞ ይበልጥ ይሰማል።

ተርፎ የቀረውስ? ለከብት መኖ መስጠት የመጀመሪያው አማራጭ ነው። ሁለተኛው ባዮጋዝ ነው። ትራፊው አየር በማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ ሚቴን ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ ቀሪው ማዳበሪያ ይሆናል። እንደ መነሻ አንድ ቶን የምግብ ትራፊ 100 ሜትር ኩብ ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ አንድ ሜትር ኩብ ጋዝ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ማገዶ ይተካል። 4,000 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በቀን 100 ግራም ቢተርፋቸው 400 ኪሎ ነው፤ 40 ሜትር ኩብ ጋዝ፤ ከ120 እስከ 200 ኪሎ እንጨት በየቀኑ። ገደቡንም ልንገራችሁ። እንደ ጋይንትና ደብረ ታቦር ባለ ደጋ ብርዱ መብላላቱን ያዘገየዋል። ጋዙ ለወጥና ለሻይ ምቹ ቢሆንም ሰፊ ምጣድ እኩል ማሞቅ ያስቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ለገጠር ቤተሰቦች ሲዳረስም እንጀራ መጋገሩ ዋነኛ ፈተና ሆኖበት ነበር።

እንጀራው ስለዚህ ሌላ መላ ይሻል። በሦስት ጉልቻ እሳት ከእንጨቱ ሙቀት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከአሥር እጅ አንዱ ያህል ነው፤ ሌላው ጭስና ንፋስ ይወስደዋል፤ ጭሱን የምትተነፍሰው ደግሞ ጋጋሪዋ ናት። አገራችን ውስጥ የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የሲሚንቶ ምድጃ እሳቱን በመክበብ ማገዶውን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ባለበት ደግሞ የአገራችን መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ስለሆነ ከእንጨት እጅግ ይሻላል። እዚያም ቢሆን አንዴ ከጋለ ሳይበርድ ተከታትሎ መጋገር ያዋጣል፤ ብዙ ኃይል የሚሄደው ምጣዱን ከቅዝቃዜ ለማንሳት ነውና።

ምን እናድርግ?

ካፌውንም ፓምፑንም የሚያስተዳድረው ጀመዓችን አይደለም። ነገር ግን በእጃችን ያለውን አስተካክለን፣ የለካነውን ቁጥር ይዘን ብንቀርብ ቃላችን ክብደት ይኖረዋል። ለውይይት የማቀርበው ይህን ነው፦

1. በዚህ ሳምንት እያንዳንዳችን በሃይላንድና በስልክ ሰዓት የራሳችንን ውዱእ እንለካ። ቁጥሩን ለማንም መናገር አያስፈልግም፤ ለራስ በቂ ነው።

2. ቧንቧውን እየዘጋን እንታጠብ፤ ወይም ባለ አንድ ሊትር ጆግ ወይም ሃይላንድ ሞልተን በእሱ እንጨርስ። ቧንቧ ሥር መቆጠብ የሚከብደው ሰው በዕቃ ሲሆን ይቀለዋል።

3. በየብሎኩ፣ በእህቶችም በወንድሞችም በኩል፣ አንድ የውሃ ተጠሪ ይመረጥ። ሥራው የሚያንጠባጥቡ ቧንቧዎችን መዝግቦ በየሳምንቱ ለጥገና ክፍል ማድረስ ነው። ሲያስታውቅ «በዚህ ክፍል ያለው ቧንቧ በቀን ይህን ያህል ሊትር ያፈሳል» ብሎ በቁጥር ቢሆን ይመረጣል።

4. ከመስጊዱ ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን በውዱእ ቦታው አንድ የአትክልት ማማ እንሥራ። ከተሳካ ሁለተኛውን እንጨምር፤ ፍሳሹን ወደ ችግኞቹም እንምራ።

5. የሰኞና የሐሙስ ጿሚዎች ቁጥር ለካፌው የሚደርስበትን መንገድ ከተማሪዎች አገልግሎት ጋር እንስማማ። የሌላ እምነት ተማሪዎችንም እንጋብዝ።

6. የፋይናል ዓመት ፕሮጀክት ርዕስ የምትፈልጉ የምህንድስና ተማሪዎች፦ የካፌው ትራፊ በቀን ስንት ኪሎ ነው? ለግቢያችን አየር የሚስማማው የባዮጋዝ ጉድጓድ ስፋቱ ስንት ነው? ርዕሱ በየቀኑ በትሪ እያለፈ ነው።

በመጨረሻም

ይህን ሁሉ ስናደርግ የውሃው ችግር በአንድ ሴሚስተር አይፈታም። ጉድጓዱ ሊያንስ፣ ፓምፑ ሊበላሽ ይችላል፤ የእነዚያ መልስ ያለው አስተዳደሩ ጋ ነው። የእኛ ድርሻ ግን የእኛ ነው፤ በአላህ ፊት የምንጠየቀውም በእሱ ነው። ውዱእ ኃጢአትን ከእጅና ከእግር ጋር አጥቦ እንደሚያወርድ እናምናለን። ያው ውሃ ሲወርድ የወንድማችንን ሐቅ ይዞ እንዳይወርድ መጠንቀቅ ደግሞ የዚያው ዒባዳ ክፍል ነው።

ጓደኛዬ አሁንም ሦስተኛ ፎቅ አብሮኝ አለ። ልኬቱን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀብኝ። ከዚያ ሃይላንዱን ወስዶ ጥርሱን ሲቦርሽ የሚያፈሰውን ለካ። ስንት ሆነ ብዬ ስጠይቀው አልነገረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቧንቧውን እየዘጋ ነው የሚቦርሸው።

አላህ ኒዕማውን ከሚያመሰግኑትና አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን።